ሐሳብም ይፈተን

እኛ ተማሪዎች በዓመት ውስጥ የማንፈተነው ነገር የለም። ሒሳብ እንፈተናለን፤ ታሪክ እንፈተናለን፤ እንግሊዝኛውም ባዮሎጂውም ተራውን ጠብቆ ይመጣብናል። መልሳችን ልክ ከሆነ ምልክት ይደረግበታል፤ ከተሳሳተም በቀይ ቀለም ይሰረዛል። ነገር ግን ከጧት እስከ ማታ በልባችን ውስጥ የሚመላለሰውን ሐሳብ «ይህስ እውነት ነውን?» ብሎ የሚፈትነው ማንም የለም። ሳይፈተን ገብቶ፣ ሳይታረም ኖሮ፣ እንቅልፋችንንና የምግብ ፍላጎታችንን፣ አንዳንድ ጊዜም ሕይወታችንን ይዞብን ይሄዳል።

ስለዚህ በዘንድሮው መጽሔታችን ለክፍል ጓደኞቼ፣ ለመምህራኖቻችንና ለወላጆቻችን ላቀርብ የወደድሁት ጉዳይ ይህ ነው። ሐሳብን መመርመር እንደ ሒሳብ ሁሉ የሚማሩት ሙያ ነው፤ ትምህርት ቤትም ሊያስተምረው ይገባል እላለሁ።

ነገር በምሳሌ ካልታየ አይጨበጥምና ሁላችንን ከሚያስጨንቀን ልጀምር። በጥቅምት ወር 2015 ዓ.ም. በየዩኒቨርሲቲው በተሰጠው የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና 896,520 ተማሪዎች ተፈትነው ግማሹንና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ነበሩ። በዚያው በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በተሰጠው ፈተና ከ845,188 ተማሪዎች 27,267፤ በ2016 ዓ.ም. ከ674,823 ተማሪዎች 36,409፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ከ585,882 ተማሪዎች 48,929 አለፉ። በመቶኛ ሲሰላ 3.3፣ 3.2፣ 5.4 እና 8.4 መሆኑ ነው።

በእነዚህ ዓመታት ሁሉ ከመቶ ተማሪ ከዘጠና የሚበልጠው ሳያልፍ ቀርቷል። ታዲያ ውጤቱ በተነገረ ጊዜ እያንዳንዱ ልጅ ብቻውን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ «እኔ ደንቆሮ ነኝ፤ አለቀልኝ» ይላል። እስቲ ይህን ሐሳብ በራሱ በሒሳብ እንፈትነው። ከመቶ ዘጠና የሚበልጥ ሰው የወደቀበት ነገር ምክንያቱ የአንድ ልጅ ድንቁርና ብቻ ሊሆን ይችላልን? መጽሐፍ ያልደረሰበት ክፍል፣ ቤተ ሙከራ የሌለው ትምህርት ቤት፣ ከታች ክፍል ጀምሮ እየተንከባለለ የመጣ ጉድለት፣ ይህ ሁሉ ተረስቶ ፍርዱ በአንድ ልጅ ላይ ይወድቃል።

የእኛ አካባቢ ልጆች ደግሞ ሌላም የሚቈጠር ነገር አለባቸው። ወልድያና መርሳ ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በጦርነት እጅ ነበሩ። በጥቅምት መጨረሻና በኅዳር መጀመሪያ 2014 ዓ.ም. ሌላው የአገራችን ተማሪ ለብሔራዊ ፈተና ሲቀመጥ፣ የእኛ ታላላቅ ወንድሞችና እኅቶች ለመቀመጥ አልቻሉም፤ በኋላ በሁለተኛ ዙር ተፈተኑ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በክልላችን የተነሣው ግጭትም የብዙ ትምህርት ቤቶችን በር ዘግቷል። ይህን ሁሉ ያየ ልጅ ውጤቱ ዝቅ ቢል «ጊዜ አጥቻለሁ፤ የጐደለኝን ልሙላ» ቢል እውነት ነው። «ከንቱ ነኝ» ቢል ግን ሐሰት ነው።

ይህን ማለቴ ስንፍናን ለመሸፈን እንዳልሆነ ይታወቅልኝ። ሳያጠና ቀርቶ በጦርነቱ የሚያመካኝ ልጅም እንደዚያው ሐሳቡን አልመረመረም። የተጣመመ ሐሳብ ሁልጊዜ ራስን የሚያዋርድ ብቻ አይደለም፤ ራስን ያለ አግባብ ነጻ የሚያወጣም አለ። የሚፈለገው ደስ የሚያሰኝ ሐሳብ አይደለም፤ እውነተኛ ሐሳብ ነው።

ይህ ነገር አዲስ ፈሊጥ አይደለም። በወጣትነቱ ባሪያ የነበረው የግሪክ ፈላስፋ ኤፒክቴተስ፣ ከ1,900 ዓመት ገደማ በፊት፣ ልብን የሚያውከው ከመከራው ይልቅ በመከራው ላይ የምንሰጠው ፍርድ እንደ ሆነ ያስተምር ነበር። በእኛ ዘመን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1913 ተወልደው በ2007 ያረፉት አሜሪካዊው የሥነ ልቡና ሊቅ አልበርት ኤሊስ ይህን አሳብ በ1955 ወደ ሕክምና አመጡት። ነገሩንም በሦስት ከፈሉት፤ መጀመሪያ የደረሰው ነገር፣ ሁለተኛ ስለ ደረሰው ነገር የያዝነው እምነት፣ ሦስተኛ ከዚያ እምነት የሚወለደው ስሜትና ሥራ። እኛ የመጀመሪያው ሦስተኛውን በቀጥታ የወለደው ይመስለናል፤ መካከለኛውን አናየውም። ኤሊስ ይልቁንም «የግድ» የምትለዋን ቃል አጥብቀው ይዋጉ ነበር። «ማለፍ እፈልጋለሁ» ማለት ለጥናት ያነሣሣል፤ «የግድ ማለፍ አለብኝ፤ ካላለፍሁ ሰው አይደለሁም» ማለት ግን ሌሊቱን በጭንቀት ያስጨርሳል።

ሌላው አሜሪካዊ ሐኪም አሮን ቤክ፣ እ.ኤ.አ. በ2021 በ100 ዓመታቸው ያረፉት፣ በ1960ዎቹ በፊላደልፊያ ያዘኑ ሕመምተኞቻቸውን ሲመረምሩ አንድ ነገር አስተዋሉ። ከኀዘኑ በፊት በአእምሮ ውስጥ ሳይጠሩት ብልጭ የሚል አጭር ሐሳብ አለ፤ ሰውየውም ሳይጠይቀው ያምነዋል። ቤክ ሕመምተኛውን «አትዘን» አላሉትም፤ «ማስረጃህ ምንድር ነው?» ብለው አብረውት መረመሩ። ይህ ዓይነት ሕክምና ዛሬ በብዙ አገር ለኀዘንና ለጭንቀት በሽታ ይሰጣል።

እንግዲህ በወልድያ፣ በመርሳና በሐብሩ ገጠር እኛ ተማሪዎች የምናመላልሳቸውን የተጣመሙ ሐሳቦች ልቈጥር። እንደ እኔ አስተያየት ዋነኞቹ አምስት ናቸው።

አንደኛው «ሁሉ ወይም ምንም» የሚለው ነው። ልጁ ወይ ሐኪም ይሆናል፣ ወይ ከንቱ ነው፤ በመካከል ምንም የለም። በሐኪምና በከንቱ መካከል ግን ዓለም ሙሉ ሰው አለ። አናጢው፣ ነርሷ፣ መካኒኩ፣ በሲሪንቃ የእርሻ ምርምር ጣቢያ የማሽላ ዘር የሚመርጠው ባለሙያ፣ እኛን የሚያስተምሩን መምህራን፣ ሁሉም የሚኖሩት እዚያው መካከል ነው። አባቶቻችን «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ያሉት ለዚህ ነው።

ሁለተኛው «እባብ ያየ በልጥ በረየ» የሚባለው ነው። በክረምት ነጐድጓድ ሲሰማ ወይም በር በኃይል ሲዘጋ ከመቀመጫው ዘሎ የሚነሣ ልጅ በየክፍላችን አለ። ይህ ድንጋጤ ነውር አይደለም፤ ሰውነት ያየውን ይዞ ስለሚቈይ ነው፤ ማንም ሊሥቅበት አይገባም። ስሕተቱ የሚመጣው ድንጋጤው ካለፈ በኋላ «ነገም ያው ነው፤ መማርም ዋጋ የለውም» የሚል ፍርድ ሲከተል ነው። ልጡን ያየ ዓይን ሊሳሳት ይችላል፤ ቀርቦ መመልከት ግን የሰው ፈንታ ነው።

ሦስተኛው «ሰው ምን ይለኛል» ነው። ይሉኝታ መልካም ጠባይ ነው፤ ሰውን ከነውር ይጠብቃል። ነገር ግን ያልገባውን ትምህርት እጁን አንሥቶ እንዳይጠይቅ ከከለከለው፣ ከገጠር ስንቅ እያመጣ በኪራይ ቤት የሚኖረው ልጅ ስንቁ ማለቁን ለጓደኛው እንዳይነግር ካፈነው፣ ይሉኝታ መሆኑ ቀርቶ እስራት ሆኗል። ደግሞስ የሰውን ልብ ማን አንብቦት ያውቃል? እኛ «ይሥቁብኛል» ስንል እነርሱም በየልባቸው «ይሥቁብኛል» እያሉ ነው።

አራተኛው «የአርባ ቀን ዕድሌ ነው» የሚለው ነው። በፈጣሪ ማመንና እጅን አጣጥፎ መቀመጥ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ገበሬው ዝናሙ በእጁ እንዳልሆነ ያውቃል፤ ቢሆንም በጊዜው ያርሳል፣ ይዘራል፣ ያርማል። «ዕድሌ ነው» ብሎ ማሳውን ሳያርስ የሚተው ገበሬ በሐብሩ አልታየም። ማሳ የማይተው ሰው ልጅ ደብተሩን ስለምን ይተዋል?

አምስተኛው «የፈሩት ይደርሳል» የሚለው ነው። ብዙ ጊዜ የፈራነው የሚደርሰው ፍርሃት ትንቢት ስለሆነ አይደለም፤ ፍርሃቱ ሥራ ስላስፈታን ነው። እወድቃለሁ ብሎ የፈራ መጽሐፉን መክፈት ይፈራል፤ ሳይከፍተው ይቀራል፤ በመጨረሻም ይወድቃል። ከዚያም «አላልሁም?» ይላል።

እነዚህ ሐሳቦች የልብ ጨዋታ ብቻ ቢሆኑ ኖሮ ይህን ያህል ባልጻፍሁ ነበር። ነገር ግን ሐሳብ ወደ ሥራ ይለወጣል። ከሐብሩና ከመላው ወሎ ብዙ ወጣት በአፋር በረሃ፣ በጂቡቲና በየመን በኩል ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ እንደሚሄድ የማያውቅ ቤት የለም። ሐምሌ 27 ቀን 2017 ዓ.ም. ከ150 የማያንሱ ሰዎችን የያዘች ጀልባ በየመን አብያን ጠረፍ ሰጥማ ከ60 በላይ ሰው ሞተ፤ አብዛኞቹ ተሳፋሪዎች ኢትዮጵያውያን ነበሩ። የሚሄድ ሁሉ በተጣመመ ሐሳብ ይሄዳል አልልም፤ ረኃብና ሥራ ማጣት እውነተኛ ነገሮች ናቸው፤ ወላጆቹን ለመርዳት የሚሰደድ ልጅ ይታዘንለታል እንጂ አይወቀስም። ዳሩ ግን «ፈተናውን ካላለፍሁ ያለኝ ባሕሩ ብቻ ነው» ብሎ በአንድ ሌሊት የሚወስን ልጅም አለ። ይህ ሐሳብ ቀን ወጥቶለት፣ በሰው ፊት ቀርቦ ቢፈተን ኖሮ፣ ሌላ መንገድ ይታየው ነበር። በማካካሻ ትምህርት ተምረው ዩኒቨርሲቲ የገቡ አሉ፤ በቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ተምረው የራሳቸውን ሥራ የከፈቱ አሉ፤ ደግመው ተፈትነው ያለፉም አሉ። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የምንነጋገርበት ነገር የሕይወትና የሞት ጉዳይ ነው።

አንዳንድ ታላላቆቻችን «ይህ የፈረንጅ ቅምጥልነት ነው፤ እኛ የ1966ቱንና የ1977ቱን ረኃብ ስናልፍ ስሜታችሁ እንዴት ነው ብሎ የጠየቀን የለም» ይሉ ይሆናል። ቃላቸውን አከብራለሁ፤ ወሎ በእነዚያ ዓመታት ያየው መከራ በመጽሔት ገጽ የሚያልቅ አይደለም። ነገር ግን ያን ጊዜ የተረፉት ዝም በማለት የተረፉ አይመስለኝም። ልቅሶ ቤት አብረው ተቀምጠዋል፤ በእድር ተረዳድተዋል፤ ክርስቲያኑና እስላሙ በአንድ ረከቦት ዙሪያ ቡና እየጠጡ የሆዳቸውን ተጫውተዋል። ጐረቤት «አይ፣ አንቺ ይህን ለምን በራስሽ ታደርጊያለሽ?» ሲል ሐሳቧን መፈተኑ ነበር። እኛ ልጆቻቸው በኪራይ ቤት ብቻችንን ተዘግተን፣ ፊታችንን በስልክ ላይ ደፍተን፣ ያን ሸንጎ አጥተነዋል። ስለዚህ የምንለምነው ባዕድ ነገር ሳይሆን የራሳችንን ነገር በትምህርት መልክ እንዲመለስልን ነው።

በአፍሪካም ይህን ያደረጉ አሉ። በዚምባብዌ ሾና ቋንቋ ኩፉንጊሲሳ የሚባል ቃል አለ፤ ትርጉሙ «ሐሳብ ማብዛት» ነው። እኛም «ሐሳብ በላው» እንላለን። እ.ኤ.አ. በ2006 የአእምሮ ሐኪሙ ዶክተር ዲክሰን ቺባንዳ በሐራሬ ከተማ በምባሬ ሠፈር 14 አያቶችን አሠልጥነው በጤና ጣቢያው አጠገብ በተተከለ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጡአቸው። ሐሳብ ያበዛ ሰው ከአያቲቱ ጋር ተቀምጦ ችግሩን በዝርዝር ያወጣል፤ ከብዙዎቹ አንዱን ይመርጣል፤ ለዚያም ለአንዱ የሚሆን ሥራ አብረው ይፈልጋሉ። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመው ጥናት፣ በዚህ መንገድ የተረዱት ሰዎች የተለመደውን እርዳታ ብቻ ካገኙት ይልቅ ከስድስት ወር በኋላ ሕመማቸው በጣም መቀነሱን አሳየ። ሐራሬ በአግዳሚ ወንበርና በአያቶች ይህን ከሠራች፣ ዋርካና ቡና የማያጣው ወሎ እንዴት ያቅተዋል?

አሁን ወደ ሥራው እንምጣ። የክፍል ጓደኞቼ ሆይ፣ በደብተራችሁ የመጨረሻ ገጽ ላይ ሦስት መስመር አስምሩ። በመጀመሪያው የሆነውን ብቻ ጻፉ፤ ለምሳሌ «መምህሩ ዛሬ ሰላምታዬን አልመለሱም» ብላችሁ። በሁለተኛው ብልጭ ያለውን ሐሳብ ጻፉ፤ «ጠልተውኛል፤ ነጥብ ሊከለክሉኝ ነው»። በሦስተኛው እንደ ዳኛ ጠይቁ። ማስረጃዬ ምንድር ነው? ሌላስ ምክንያት ሊኖር አይችልምን? ጓደኛዬ ይህን ቢነግረኝ ምን እመልስለት ነበር? ምናልባት መምህሩ አልሰሙ ይሆናል፤ ምናልባት የታመመ ልጅ ቤት ትተው መጥተው ይሆናል። ሐሳቡ እውነት ሆኖ ከተገኘም መልካም ነው፤ ቀርቦ «ምን አጠፋሁ?» ብሎ መጠየቅ ይቻላል። ሐሰት ከሆነ ደግሞ እንደ ተሳሳተ መልስ በቀይ ቀለም ይሰረዝ።

መጻፍ ብቻውን ግን አይበቃም። የፈሩትን ነገር በጥቂት በጥቂቱ መሥራት ያስፈልጋል። ከላይ ያነሣኋቸው ኤሊስ በወጣትነታቸው በሰው ፊት መናገር እጅግ ይፈሩ እንደ ነበርና ፍርሃቱን ያሸነፉት ደጋግመው በመናገር እንደ ሆነ ራሳቸው ተናግረዋል። ዛሬ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፤ ነገ ሁለት። ልብ የሚያምነው ምክርን ብቻ ሳይሆን ያየውን ነው።

ለመምህራኖቻችን ሦስት ልመና አለኝ። አንደኛ፣ በሳምንት ግማሽ ሰዓት እንኳ ይህን ሙያ የምንለማመድበት ጊዜ ይሰጠን፤ ከዛፍ ጥላ ሥር አንድ አግዳሚ ወንበርና አንድ የሚሰማ ሰው ቢኖሩ ይበቃል። ሁለተኛ፣ የመጨረሻ የወጣው ልጅ ስም በክፍል ፊት አይነበብ፤ ድክመቱ ለብቻው ይነገረው። ሦስተኛ፣ ከብሔራዊ ፈተናው በኋላ ሳይሆን ከፈተናው በፊት፣ ቢያልፉም ባያልፉም ያሉት መንገዶች ሁሉ በዝርዝር ይነገሩን። አማራጩን የሚያውቅ ልጅ «አለቀልኝ» አይልም።

ለወላጆቻችንም እንዲህ እላለሁ። እማዬ፣ አባዬ፣ ለእኛ ብላችሁ የለፋችሁትን እናውቃለን፤ ከማሳው ቈርጣችሁ፣ ከአፋችሁ ነጥቃችሁ እንዳስተማራችሁን አንረሳም። «የጐረቤት ልጅ አለፈ፤ አንተስ?» የምትለዋ ቃል ግን ከእናንተ አፍ በወጣች ጊዜ በልጁ ልብ ውስጥ ፍርድ ሆና ትቀመጣለች። በእርሷ ፈንታ «የቱ ጋ ከበደህ?» ብላችሁ ብትጠይቁን የተሻለ እንሠራለን።

አንድ ነገር ግን ሳልለይ ብተው ጽሑፌ ይጐድላል። ኀዘን ሁሉ የሐሳብ ስሕተት አይደለም። ወገኑን የቀበረ ሰው ማልቀሱ ትክክል ነው፤ የተራበም መጨነቁ ትክክል ነው፤ ለእርሱ የሚያስፈልገው ደብተርና መስመር ሳይሆን እንጀራና ወገን ነው። ደግሞም ለሳምንታት እንቅልፍ የነሣው፣ ከሰው የሸሸ፣ ሕይወቱን ለማጥፋት ያሰበ ሰው ቢኖር ነገሩ ሕመም ነውና ብቻውን አይተው፤ ዛሬውኑ ለሚያምነው ሰው ይነገር፤ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሆስፒታል ይወሰድ። የሃይማኖት አባቶችን ጸሎት መሻትና ሐኪምን ማየት አይጣሉም። የአማኑኤልን ሆስፒታል ስም ለስድብ የምናውል ሁሉ ደግሞ፣ እግሩ የተሰበረ ሰው ላይ እንደማንሥቅ አእምሮው በታመመውም ላይ መሣቅ እንደማይገባን እናስብ።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ የፈተና ወረቀት ሲደርሰን ጥያቄውን ሳናነብ መልስ አንሰጥም። በገዛ ራሳችን ላይ ግን ሳንመረምር በየቀኑ እንፈርዳለን። ፍርድ ቤት እንኳ ያለ ምስክር አይፈርድም። እንግዲህ «ከንቱ ነህ» የሚለው ሐሳብ ዛሬ ማታ ወደ ማናችንም ቢመጣ፣ በር ላይ አቁመን ምስክር እናስቈጥረው፤ ምስክር ካጣ ይመለስ። እኛም መብራታችንን አብርተን የነገውን ትምህርት እናጥና።